እርሙ ያልወጣ ለቅሶ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን በመስቀል አደባባይ ስለሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አጭር ጽሑፍ ካወጣን በኋላ በርካታ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ከእነርሱ ሦስቱን መርጠን እነሆ መልስ እንሰጣለን፤ የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚሻ አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ትተናል።

ከደሴ የደረሰን ጥያቄ

«ስሜ ባይጠቀስ እወዳለሁ። ደሴ የተወለድኩ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ክረምት የአያቴን ሣጥን ሳስተካክል ከነጠላዎቿ ሥር አንድ ፎቶግራፍ አገኘሁ። ጎፈሬያቸውን ያበጠሩ፣ ሱሪያቸው ከግርጌው የሰፋ ስድስት ወጣቶች ከትምህርት ቤት በር ፊት ቆመዋል፤ ከጀርባው ‹ለእትዬ፣ ሰኔ 1966› ተብሎ ተጽፏል። ከስድስቱ አንዱ የአያቴ ታናሽ ወንድም መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። አያቴ እንደነገረችኝ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ዘምቶ ተመለሰ፤ በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ እርሷ ዘንድ ሳለ ተይዞ ከፍተኛ በሚባለው፣ ከቀበሌ በላይ ባለው የከተማ አስተዳደር፣ ታሰረ። ሦስት ወር ሙሉ ስንቅ ስታመላልስ ቆየች። አንድ ቀን ጠባቂው ምሳ ዕቃውን ሳይከፈት ከሹራቡ ጋር መለሰላትና ‹ከእንግዲህ አታምጪ› አላት። ‹አለቀስሽለት ወይ?› ብዬ ብጠይቃት ‹የት ተቀምጬ?› አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። በየዓመቱ ግን ሚያዝያ ውስጥ በአንድ ቀን፣ በዓል ሳይኖር፣ ድፎ ዳቦ ትደፋለች። ተማሪዎቹ ጠመንጃ ከመምጣቱ በፊት ምን ያደርጉ ነበር? መንግሥት ከገደለ በኋላ ለቅሶውን ለምን ከለከለ? አስከሬኑ የት እንዳለስ ማወቅ ይቻላል?»

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ አያትዎ «የት ተቀምጬ?» ሲሉ የመለሱልዎ ቃል የሦስቱንም ጥያቄዎችዎን ፍሬ የያዘ ስለሆነ በመጨረሻ ወደ እርሱ እንመለሳለን። አስቀድመን ግን ፎቶግራፉ ላይ ያሉት ልጆች ከየት እንደመጡ እንይ።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ተሰለፉ። በዚያን ጊዜ ፓርላማው የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚመለከት ረቂቅ ሕግ ይዞ ነበር። በደቡቡ የአገራችን ክፍል በርካታ ጭሰኛ ካመረተው እስከ ግማሽ ድረስ ለባለመሬቱ ይሰፍር ስለነበር መፈክሩ ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ አልነበረም። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ለማኞችና ችግረኞች ከከተማው እየታፈሱ የሚታጎሩበትን የሾላ ካምፕ ሁኔታ ያዩ ተማሪዎች «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው አደባባይ ወጡ። ይህን ሰልፍ ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድመን እንድናነሳው የሚያደርገን ምክንያት አለን፤ የተሰለፉላቸው ሰዎች ለተማሪዎቹ አንዳች ውለታ ሊመልሱ የማይችሉ፣ ዘመድም ወገንም የሌላቸው ነበሩና።

እንቅስቃሴው ከስድስት ኪሎ ግቢ ወጥቶ ወደ ክፍለ ሀገር የገባበት አንዱ መንገድ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ፕሮግራም ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አንድ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ግዴታ ሆኖበት ነበር፤ አብዛኞቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ነበር። መንግሥት ያሰበው የመምህራንን እጥረት ማቃለል ነበር። ነገር ግን የሄዱት የጭሰኛውን ኑሮ በዓይናቸው አይተው ተመለሱ፣ በሄዱበትም ስለ ዓለምና ስለ አገር የሚጠይቅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ትተው መጡ። በደሴ፣ በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐረር የተነሱት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንቅስቃሴዎች ያለ እነዚህ ወጣት መምህራን የሚታሰቡ አይደሉም። የአያትዎ ወንድም ፎቶግራፉን ሲነሳ ይህ ሁሉ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ነበረው።

መንግሥት የሰጠው መልስ መጀመሪያ ላይ ሕግ ነበር። በ1959 ዓ.ም. ሰላማዊ ሰልፍ ያለ ፈቃድ እንዳይደረግ የሚያዝዝ አዋጅ ወጣ፤ ተማሪዎቹ ይህን አዋጅ ሲቃወሙ ፖሊስ ግቢያቸው ድረስ ገብቶ ደበደባቸው። ማኅበራቸው ይታገድና ይፈቀድ ነበር፤ ጋዜጣቸውም እንዲሁ። እስራትና ከትምህርት መባረር የየዓመቱ ወግ ሆነ። ከዚያ በኋላ ጥላሁን ግዛው ተገደለ።

ጥላሁን የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው በ1962 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። የማይጨው ልጅ ሲሆን የልዑል መኰንን ባለቤት የነበሩት የልዕልት ሣራ ግዛው ወንድም ነበርና ከቤተ መንግሥት ዝምድና ያለው ሰው ነው። ከተመረጠ ብዙም ሳይቆይ፣ በኅዳር፣ «ትግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ዋለልኝ መኰንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ ወጣ፤ መንግሥትም በማኅበሩ ላይ የነበረው ቁጣ እጅግ በረታ። ታኅሣሥ 19 ቀን ምሽት ጥላሁን አፍንጮ በር አካባቢ በእግሩ ሲሄድ በጥይት ተመታና ሞተ። ገዳዩ ለፍርድ ቀርቦ አያውቅም።

በማግስቱ የሆነውን እባክዎ ረጋ ብለው ያንብቡት። ተማሪዎች የመሪያቸውን አስከሬን ከሆስፒታል ወደ ስድስት ኪሎ ግቢ አመጡት። ስድስት ኪሎ ከሆስፒታሉ ቅርብ ነው፤ ዛሬ የካቲት 12 ሆስፒታል በሚባለው በኩል የሚያልፍ ሰው ርቀቱን በዓይኑ ሊለካው ይችላል። ሳጥኑን ከበው ቆመው እያለቀሱና እየተናገሩ፣ ቀብሩን ራሳቸው ሊያስፈጽሙ ይፈልጉ ነበር። መንግሥት አስከሬኑን አምጡ አለ፤ እነርሱ እምቢ አሉ፤ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ግቢውን ሰብረው ገብተው ተኮሱ። በለቅሶ ላይ የነበሩ ተማሪዎች ወደቁ፤ ሌሎች ብዙዎች ቆሰሉ። አስከሬኑም ተወስዶ ማይጨው ተቀበረ።

አንድ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ጦርና ፖሊስ እያለው ለምን አንድን የሞተ ወጣት ፈራ? በእኛ አገር ለቅሶ የአንድ ቤት ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ጡሩምባ ይነፋል፣ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ይመጣል፣ የማይተዋወቅ ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ የሟቹ ስም ይጠራል፣ እንዴት እንደሞተም ይነገራል፣ ገዳይ ካለውም ገዳዩ ይረገማል። ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ስለዚህ ለቅሶ ፈቃድ የማይጠየቅበት ስብሰባ ነው። ሰልፍን በአዋጅ ያሰረ መንግሥት ለቅሶን ማሰር አልቻለም ነበር፤ ተማሪዎቹም ይህንን ሳያውቁት አልቀሩም። የታኅሣሥ 20ው ተኩስ የተተኮሰው በዚህች ክፍት በቀረች በር ላይ ነው ብለን እናምናለን።

ስለ ወሎ ረሃብ እርስዎ የደሴ ልጅ ስለሆኑ ከእኛ በላይ ያውቃሉ፤ ስለዚህ በአጭሩ እንለፈው። በ1965 ዓ.ም. ጥቂት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው መጡ፤ ምስሎቹ ለእይታ ቀረቡ፣ ተማሪዎችም ቁርሳቸውን እየተዉ ገንዘቡ ለረሃብተኛው እንዲሄድ አደረጉ። መንግሥት የደበቀውን ረሃብ ለአገሩ ሰው ካሳዩት መካከል እነርሱ ይገኙበታል። በየካቲት 1966 ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ፣ መምህራን ሴክተር ሪቪው በተባለው የትምህርት ዕቅድ ምክንያት ሥራ ሲያቆሙ፣ ወታደሩም ሲያጉረመርም፣ ተማሪው ለአሥር ዓመት ያህል ብቻውን የጮኸው ጩኸት የከተማው ሁሉ ድምፅ ሆነ። በሰኔ ያ ፎቶግራፍ ሲነሳ እነዚያ ስድስት ልጆች ያሸነፉ መስሏቸው ነበር፤ ፊታቸውን ደግመው ቢያዩት ይህንን የሚያገኙ ይመስለናል።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ሥልጣን ያዘ። በታኅሣሥ ዩኒቨርሲቲውንና የሁለተኛ ደረጃውን የመጨረሻ ክፍሎች ዘግቶ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላካቸው። የካቲት 25 የመሬት አዋጅ ታወጀ፤ ተማሪዎቹም ለአሥር ዓመት የጠየቁት ነገር ስለሆነ በደስታ ሰልፍ ወጥተው ተቀበሉት። በየዘመቻ ጣቢያው ግን ገበሬውን ለማደራጀት ሲነሱ ከባለመሬቱ፣ ከአስተዳዳሪውና ከፖሊሱ ጋር ተጋጩ፤ አዲሱ መንግሥትም ያሰማራቸውን ልጆች ትቶ ከነባሩ አስተዳዳሪ ጎን የቆመባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ብዙዎቹ ዘመቻውን ጥለው ወደ ከተማ ተመለሱ፤ ብዙዎቹም ደርግን ወደተቃወመው የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ሕዋሳት የገቡት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለማርያም በአብዮት አደባባይ ደም መሰል ነገር የሞላባቸውን ጠርሙሶች ከሰከሱ። ቀበሌዎች ታጠቁ። በየቤቱ አሰሳ ተደረገ፤ ከመሣሪያው እኩል የጽሕፈት መኪና፣ ስቴንስልና የማባዣ ማሽን ይፈለግ ነበር። ሚያዝያ 21፣ ከሜይ ዴይ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ለሰልፍ የተሰባሰቡ ወጣቶች በአዲስ አበባ በአንድ ሌሊት በመቶዎች ተገደሉ፤ ከመካከላቸው ጢም ያላወጡ ሕፃናት ነበሩ። አያትዎ ዳቦ የሚደፉት በሚያዝያ መሆኑ ከዚህ ጋር ይያያዝ እንደሆነ አናውቅም፤ እርሳቸውን ብቻ ነው መጠየቅ የሚቻለው።

የንጉሡ መንግሥት የጥላሁንን አስከሬን ከሕዝብ ዓይን ለመሰወር ቸኩሎ ነበር። ደርግ ከዚህ የተለየ ነገር አደረገ፦ አስከሬኑን መንገድ ላይ አሰጣው፣ ደረቱ ላይ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ወረቀት ለጠፈበት፣ መንገደኛው እንዲያየው ፈለገ፣ ለቅሶውን ግን ከለከለ። ወላጅ ጥቁር ቢለብስ የፀረ አብዮተኛ ወዳጅ ይባላል። አስከሬን የጠየቀ ቤተሰብ የጥይት ዋጋ እንዲከፍል የተደረገባቸው ጊዜያት ነበሩ። ድንኳን አይተከልም፣ ዕድር አይጠራም። ስለዚህ አንድ እናት ልጇን ካጣች በኋላ፣ በምሳ ዕቃዋ ክብደት ሞቱን ከተረዳች በኋላ፣ ወደ ቤቷ ገብታ ወጥ ትሠራ ነበር፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅስ ነበር። እርሟን አላወጣችም። አያትዎ «የት ተቀምጬ?» ያሉት ይህንን ነው፤ የሚቀመጡበት ድንኳን አልነበረም።

ተማሪው መንገድ ላይ ሲወድቅ የቀረው ተቃውሞ የሴቶች ተቃውሞ እንደነበር ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ከከፍተኛውና ከማዕከላዊው በር ፊት ከንጋት ጀምሮ ምሳ ዕቃና ፔርሙስ ይዘው ይሰለፉ የነበሩት እናቶች፣ እህቶችና ሚስቶች መፈክር አላሰሙም፤ ነገር ግን በየቀኑ የልጃቸውን ስም ለጠባቂው ይጠሩለት ነበር፣ ጠባቂውም አለ ወይም የለም ማለት ነበረበት። በእንጀራው ጥቅል ውስጥ ወረቀት ይገባል፣ በቆሸሸው ልብስ ውስጥ ወረቀት ይወጣል። የጎረቤትን ልጅ «የእኔ ነው» ብለው ቀበሌን የዋሹ፣ ከአልጋ ሥርና ከጎተራ ውስጥ የደበቁ፣ በሌሊት ወደ ገጠር ዘመድ ያሻገሩ ነበሩ። እነዚህ ሴቶች ድርጅት አልነበራቸውም፤ ከእነርሱ የመጣ ወረቀት በመዝገብ ቤት አይገኝም። አያትዎ ግን ከእነርሱ አንዷ ናቸው፤ ሦስት ወር ሙሉ የታሰረ ልጅን ስም በመንግሥት በር ላይ የጠሩ ሴት ናቸው።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ እንመለስ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ልዩ የዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ የጅምላ መቃብሮች ተቆፈሩ፣ በዚህም ሥራ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች አግዘዋል። በአንዳንዶቹ አንገት ላይ የናይሎን ገመድ እንደተጠመጠመ ተገኘ። እናቶች ከአጥንቱ ይልቅ በልብሱ፣ በቀበቶው፣ በጫማው የልጆቻቸውን ማንነት የለዩበት ጊዜ ነበር። ዛሬ በሙዚየሙ የመስታወት ሣጥኖች ውስጥ የሚታዩት ልብሶች የዚያ ሥራ ቅሪቶች ናቸው። ሁሉም ግን አልተገኘም፣ የተገኘውም ሁሉ በስም አልታወቀም፤ ስለዚህ ተስፋዎን ከልክ በላይ ከፍ አድርገው እንዳይሄዱ እንለምንዎታለን።

ይሁንና የሚሠራ ነገር አለ። አያትዎ በሕይወት እያሉ የወንድማቸውን ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ የቤት ስሙን፣ የተማረበትን ትምህርት ቤት፣ የታሰረበትን ከፍተኛና ቀበሌ ቁጥር፣ አብረውት የታሰሩትን፣ ስንቁ የተመለሰበትን ወርና ሳምንት፣ የሹራቡን ቀለም ሳይቀር ይጻፉ። እርሳቸው ቀኑን በበዓል ቆጥረው ይነግሩዎታል፤ «ከፋሲካ በፊት በሁለተኛው ሳምንት» ካሉዎት እንዳሉት ይጻፉት፣ ወደ ቀን መቁጠሪያ የሚቀይሩት በኋላ ነው። ሹራቡ ካለ አያጥቡት። ከዚያ ወደ ሙዚየሙ ይሂዱ፤ የሰማዕታት ፎቶግራፎችና ሰነዶች የተሰበሰቡት እዚያ ስለሆነ ስሙ እንዲፈለግልዎ ይጠይቁ። የደርግ ባለሥልጣናት የተከሰሱበት መዝገብም የሰው ምስክርነትና በደርግ ጽሕፈት ቤት የተጻፉ ሰነዶች አሉበት፤ «እርምጃ ተወሰደበት» የሚለው ቃል ከስም ዝርዝር ጎን የተጻፈባቸው ወረቀቶች ለማስረጃነት ቀርበዋል። ስድስቱን ልጆች በሙሉ በስም ለማወቅም ይሞክሩ፤ የሌሎቹ አምስት ቤተሰቦች ይህን ፎቶግራፍ አይተውት ላያውቁ ይችላሉ።

ከሐዋሳ የደረሰን ጥያቄ

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በጊዜው ወጣት ነበርኩና ሁሉንም አይቻለሁ። ተማሪው ንጹሕ ነበር እየተባለ መጻፉ ይከብደኛል። አገር ያተራመሰው እርሱ ነው፤ ከመንግሥት በፊት ተኩስ የጀመረው ኢሕአፓ ነው፤ ቀይ ሽብርን የጋበዘ ነጭ ሽብር ነው ይባላል። እውነቱን ለምን አትጽፉም?»

መልስ

የተከበሩ መምህር፣ ከጥያቄዎ ውስጥ የምንቀበለው ክፍል አለ፤ ሳንሸፍንም እንናገረዋለን። መስከረም 13 ቀን 1969 በመንግሥቱ ኃይለማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደርጓል፤ በዚያው ወቅት ኢሕአፓ በከተማ ውስጥ የተቀናቃኙን ድርጅት የመኢሶንን (የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄን) አባላት፣ የቀበሌ ሹማምንትንና የሠራተኛ ማኅበር መሪዎችን በጥይት መግደል ጀመረ። መኢሶን ደግሞ «ሂሳዊ ድጋፍ» ብሎ ከደርግ ጎን ቆሞ በቀበሌና በካድሬ ትምህርት ቤት ሲያደራጅ ቆየ፤ በ1969 ክረምት ከደርግ ጋር ሲጣላ ያደራጃቸው ቀበሌዎች እርሱን ራሱን አሳደዱት። አንድ መድረክ ላይ አብረው የቆሙ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ የበሉ ልጆች እርስ በርስ ተጠቋቆሙ። «አድሃሪ»፣ «ፀረ አብዮት»፣ «ባንዳ» የሚሉት ቃላት የደርግ መሣሪያ ከመሆናቸው በፊት የተማሪዎች ክርክር ቃላት ነበሩ። ከእነዚያ ሰዎች በሕይወት የቀሩት ይህንን በግልጽ ሲናገሩት እናከብራቸዋለን።

ነገር ግን «ማን ጀመረ» የሚለውን ጥያቄ በ1969 ብቻ ከጀመርነው የጎደለ መልስ እናገኛለን። ከ1957 እስከ 1966 ድረስ የተማሪው መሣሪያ በአብዛኛው ሰልፍ፣ የትምህርት ማቆም አድማ፣ የጽሑፍ አቤቱታና በራሪ ወረቀት ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ሰልፈኛውን የመታው ዱላና ጥይት የመንግሥት ነበር። ደርግም ገና በኅዳር 14 ቀን 1967፣ ከግድያ ሙከራው ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ስልሳ ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናትንና መኮንኖችን ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት ረሽኗል። ያለ ፍርድ መግደልን ከማንም አልተማረውም።

ከዚህም በላይ መንግሥትና ድርጅት በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። መንግሥት እስር ቤት፣ ፍርድ ቤትና ሕግ አለው፤ ገዳይን ይዞ ፊት ለፊት መክሰስ ይችላል፣ ግዴታውም ነው። በራሪ ወረቀት ሲያድል የተያዘ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ማንንም አልገደለም። ወፌ ላላ የተገረፈ፣ «ተጋለጥ» እየተባለ ስም የተናዘዘ፣ ተናዞም የተገደለ ልጅ ወንጀሉ የታተመ ወረቀት መያዝ ነበር። ፍርድ ቤት ይህን ጉዳይ በታኅሣሥ 1987 መስማት ጀምሮ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 በመንግሥቱና በባልደረቦቹ ላይ የዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኝነት ወስኗል፤ የሞት ፍርዱም በይግባኝ ግንቦት 18 ቀን 2000 ተወስኗል። ዋናው ተከሳሽ ግን ከ1983 ጀምሮ ዚምባብዌ ነው። እርስዎ በክፍልዎ ያስተማሯቸው ልጆች ከወንበራቸው አንድ በአንድ ሲጎድሉ አይተው ይሆናል፤ ስማቸውን የሚያስታውሷቸው ካሉ ቢጽፉልን ይህን ዓምድ ለእነርሱ እንሰጣለን።

ከዋሽንግተን አካባቢ የደረሰን ጥያቄ

«ወንድሜን ያጣሁት በ1970 ነው፤ እኔም ታስሬ ነበር። ባለፈው ዓመት በአንድ ተዝካር ላይ ከጀርባዬ አንድ ሰው ሲናገር ሰማሁና እግሬ ከዳኝ። ድምፁ የዚያ ሰው ነው። ፊቱን አላወቅሁትም፤ ሽማግሌ ሆኗል። ዝም ልበል ወይስ ምን ላድርግ?»

መልስ

እህታችን፣ ብቻዎን አይደሉም። አትላንታ ውስጥ በአንድ ሆቴል ትሠራ የነበረች የቀይ ሽብር ተራፊ እ.ኤ.አ. በ1989 እዚያው ሆቴል ሲሠራ ያገኘችውን የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር የነበረ ሰው፣ ቀልቤሳ ነገዎን፣ አወቀችው፤ ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ሆና በፍትሐ ብሔር ከሳ በ1993 ፍርድ ቤቱ ለሦስቱ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ወሰነላቸው፤ ሰውየውም በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። በዴንቨር እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የቀድሞ እስረኛ በከፍተኛ 15 ጠባቂ የነበረውን ሰው በሐሰተኛ ስም ሲኖር አወቀው፤ በ2014 22 ዓመት ተፈረደበት፤ የተቀጣው ዜግነት ለማግኘት በዋሸው ውሸት ነው። በሄግ ደግሞ በጎጃም ለተፈጸመው ግፍ፣ በደብረ ማርቆስ 75 እስረኞች እንዲገደሉ ማዘዝን ጨምሮ፣ እሸቱ ዓለሙ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። በእነዚህ ጉዳዮች ሁሉ ምስክር ሆነው የቆሙት እንደ እርስዎ ያሉ የተረፉ ሰዎች ናቸው።

ድምፅ ግን ሊያሳስት ይችላል፤ ከአርባ ዓመት በላይ ሲያልፍ ደግሞ ይበልጥ። ስለዚህ ሰውየውን ፊት ለፊት አይጋፈጡት፣ ፎቶውን በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጥፉት፣ ስሙን በማኅበር ወይም በቤተ ክርስቲያን አያንሱ። ንጹሕ ሰው ከሆነ ከባድ በደል ይሆናል፤ እርሱ ከሆነም ጠፍቶ ሊሄድ ይችላል። ከሌሎች ተራፊዎች ጋር ከመነጋገርዎ በፊት የሚያስታውሱትን ብቻዎን ሆነው ይጻፉ፤ የታሰሩበትን ክፍል፣ በሩ ወደየት እንደሚከፈት፣ ሰውየው ምን ይባል እንደነበር፣ የትኛው እጁ ይሠራ እንደነበር፣ አብረውዎት እነማን እንደነበሩ። እያንዳንዱን ገጽ ቀን ጽፈው ፈርመው ያስቀምጡ። ምስክሮች አስቀድመው ሲነጋገሩ ትዝታቸው ስለሚቀላቀል ጠበቆች ይህንን አጥብቀው ይጠይቃሉ። ከዚያ በሰብአዊ መብት ጉዳይ ልምድ ያለው ጠበቃ ያማክሩ፤ በአሜሪካ በፍትሐ ብሔር መንገድ የይርጋ ጊዜ እንቅፋት ሊሆን ስለሚችል የኢሚግሬሽን መንገዱ ይቀርብ እንደሆነ እርሱ ይነግርዎታል። በኢትዮጵያ በኩል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ እንደማይታገድ ደንግጓል። በአዳራሹ ውስጥ የት እንደቆሙ፣ እርሱ ምን ብሎ ሲናገር እንደሰሙት፣ ከማን ጋር እንደነበር ዛሬ ማታ ሳይረሱት ይጻፉት።